የከተማ ዳር መሬት ክርክር፦ ከየት ይመጣል፣ በምን ይፈታል?

ከአዲስ አበባ መሀል ተነስቶ በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ ወይም በፉሪ በኩል ወደ ዳር የሚወጣ ሰው ጤፍ የተዘራበት ማሳ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታና ገና ቀለም ያልተቀባ ሕንጻ ጎን ለጎን ያያል። በዚህ አካባቢ ያለ አንድ ቁራሽ መሬት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የባላባት መሬት፣ የገበሬ ማኅበር ይዞታ፣ የቤተሰብ እርሻ፣ በድብቅ የተሸጠ ቦታ፣ በመጨረሻም ለልማት የተወሰደ የከተማ መሬት ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። በየደረጃው «ይገባኛል» የሚል አዲስ ሰው ይጨመራል፤ የቀድሞውም ጥያቄውን ይዞ ይቆያል። ሁሉም በየራሱ ምክንያት እውነት አለው፤ የማንኛቸው መብት እስከ የት እንደሚደርስ የሚናገር መዝገብ ግን የለም። በከተማዋ ዙሪያ የሚታየው የመሬት ክርክር በአብዛኛው የሚመነጨው ከሰዎች ክፋት ሳይሆን፣ መሬቱ ከገጠር አስተዳደር ወደ ከተማ አስተዳደር ሲሻገር ማን ምን እንደያዘ ሳይመዘገብ ከመቅረቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ጽሑፍ ክርክሩ እንዴት እንደሚፈጠርና የአስተዳደሩ ማሻሻያ ከየት ቢጀምር እንደሚሻል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከ1967 ዓ.ም. መነሳት ያስፈልጋል። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት አዛወረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ይኸው አንቀጽ ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ካለበት ያለመነቀል መብት እንዳለው፣ ማንም ሰው በመሬቱ ላይ ያፈራው ንብረትና ያደረገው ማሻሻያ የራሱ እንደሆነ፣ መንግሥትም ንብረቱን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይናገራል። «መሬት የመንግሥት ነው» የሚለው አባባል ብቻውን ሲነገር ይህ ሁለተኛው ግማሽ ይረሳል፤ ባለይዞታው ግን ባለቤት አይባል እንጂ ባለመብት ነው።

ከዚህ አንድ ሕገ መንግሥት ሥር ሁለት የተለያዩ አሠራሮች ወጥተዋል። የገጠር መሬት ገበሬው ያለ ጊዜ ገደብ የሚጠቀምበት፣ ለቤተሰቡ የሚያወርሰው፣ በተወሰነ መጠን የሚያከራየው ይዞታ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 456/1997፣ አሁን ደግሞ እሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ይመራል። የከተማ መሬት በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የሚያዝ ነው፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ፣ የመኖሪያ ቤት ሊዝም 99 ዓመት እንዲሆን ያዛል። የከተማው ወሰን ሲሰፋ የገበሬው ማሳ ከመጀመሪያው አሠራር ወጥቶ ወደ ሁለተኛው ይገባል። ይሁን እንጂ የሽግግሩ ሥርዓት ደካማ ነው። የገጠሩ መዝገብ በቀበሌና በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይቀራል፤ የከተማው መሬት አስተዳደር ደግሞ ቦታውን ባዶ እንደነበረ ቆጥሮ ፕላን ያወጣለታል። በእነዚህ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች መካከል ያለው ክፍተት ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ገበያው ደግሞ የሚሠራው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ገበያው እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንየው። ከከተማው ወሰን አጠገብ አንድ ሄክታር የሚያርስ ገበሬ አለ እንበል። ጎረቤቱ ለልማት ተነስቶ አነስተኛ ካሳ ሲቀበል አይቷል፤ የእሱም ተራ እንደሚደርስ ያውቃል። በዚህ ጊዜ ደላላ ይመጣና ከማሳው ጫፍ 200 ካሬ ሜትር ቢሸጥ ከብዙ ዓመት ምርት የሚበልጥ ገንዘብ እንደሚያገኝ ይነግረዋል። ገዢው የቤት ኪራይ ያንገሸገሸው፣ በሊዝ ጨረታ መወዳደር የማይችል፣ በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ ሳይወጣለት የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የጉልት ነጋዴ ነው። መሬት መሸጥ ክልክል ስለሆነ ውሉ የመሬት ሽያጭ ተብሎ አይጻፍም፤ የጎጆ ቤት ሽያጭ፣ ስጦታ ወይም ብድር ይባላል። ወደ ውልና ማስረጃ ስለማይወሰድ ምስክር የሚሆኑት ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። ገዢው በጥቂት ሌሊት ጨረቃ ቤቱን ያቆማል፤ ቆጣሪ በጎረቤት በኩል ይስባል። ከዓመት በኋላ ያው ቦታ ለሌላ ሰው ተሽጦ ሊገኝ፣ የገበሬው ልጆች «አባታችን ብቻውን ሊሸጥ አይችልም ነበር» ብለው ሊነሱ፣ ሚስትየዋም ይዞታው የጋራ እንደነበረ ልታመለክት ትችላለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረዳው ቤቱን ሕገ ወጥ ግንባታ ብሎ ያፈርሰዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የሽያጭ ክልከላው ሽያጩን አላስቀረውም፤ ያስቀረው የሽያጩን ማስረጃ ነው። ክልከላው የወጣበት ዓላማ፣ ማለትም ገበሬው በችግር ጊዜ መሬቱን ሸጦ እንዳይራቆት መጠበቁ፣ ከባድ ሚዛን ያለው ዓላማ ነው፤ እኔም አላቃልለውም። ነገር ግን በከተማ ዳር ገበሬው በድብቅ በሚሸጥበት ዋጋ ላይ የመደራደር አቅም የለውም፣ ገዢውም ጥበቃ የለውም፣ መንግሥትም ግብር አያገኝም። የተጠቀመው ደላላው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ መልሱ በአብዛኛው የታወቀ ነው። የባዶ መሬት ሽያጭ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚቃረን ውሉ ፈራሽ ይሆናል፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1815 መሠረት ተዋዋዮቹ ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ሁኔታ ይመለሳሉ። በወረቀት ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል። ገዢው ግን የሚመለስለት ከብዙ ዓመት በፊት የከፈለው የብር ቁጥር ነው፤ ያ ብር ዛሬ የሚገዛው ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ሻጩም ገንዘቡን አውጥቶ ጨርሶታልና ፍርዱን ማስፈጸም ሌላ ክርክር ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ከመሄድ ይልቅ ጊዜ መጠበቅን ይመርጣል።

የሚጠበቀው ምንድን ነው ቢባል፣ ይዞታን ሕጋዊ የሚያደርግ ቀጣይ መመሪያ ነው። የአዲስ አበባ አስተዳደር ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሲያስተናግድ የአየር ፎቶን መለኪያ አድርጓል፤ ቤቱ በ1988 ወይም በ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታ ላይ ታይቷል ወይ የሚለው ጥያቄ የሺዎችን ቤተሰቦች ዕጣ ወስኗል። የቀን ገደብ ማስቀመጥ አስፈላጊ ነው፤ ያለ ገደብ ሕጋዊ ማድረግ ማለት ቀድሞ ያጠረ ሁሉ ይውሰድ ማለት ነውና። ሆኖም ገደቡ ከተቀመጠ በኋላ የመጡት ሰዎች አሁንም አሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ለግብር የከፈሉበትን ደረሰኝ፣ የመብራትና የውሃ ቢል ይዘዋል። አንዱ መሥሪያ ቤት አገልግሎት ሰጥቶ ገንዘብ እየተቀበለ ሌላው ሕገ ወጥ ናችሁ ሲላቸው፣ ነዋሪዎቹ ሕጉን ሳይሆን ዕድልን ማመን ይጀምራሉ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ከተሰሙት አቤቱታዎች አንዱ ይኸው ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን ያጠቃለለው የሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህም በተመሳሳይ ምክንያት ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል።

ሁለተኛው ትልቅ የክርክር ምንጭ ካሳ ነው፤ ስሌቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱ እስከ መጨረሻው የሚወሰድበት ገበሬ፣ በላዩ ላይ ካለው ንብረት ግምት ሌላ፣ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ለማይሰጠው ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ከላይ የጠቀስነው ባለ አንድ ሄክታር ገበሬ በዓመት 100,000 ብር ያገኛል ብንል፣ በአዲሱ ስሌት 1,500,000 ብር ይደርሰዋል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነውና ለአንድ ካሬ ሜትር 150 ብር ማለት ነው። ያው መሬት መንገድ ተቀዶለት፣ ተሸንሽኖ ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ የአንዱ ካሬ ዋጋ በሺዎች የሚቆጠር ብር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ ከገበሬው የተነጠቀ ነው ማለት አይቻልም፤ መንገድ፣ ውሃና መብራት የሚዘረጋው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የመንገድና የትምህርት ቤት ቦታም ከዚያው መሬት ላይ ይቀነሳል። ይሁንና ሕጉ የሚለካው መሬቱ ያበቅል የነበረውን ጤፍ እንጂ የቆመበትን ቦታ ዋጋ ስላልሆነ፣ ገበሬው አጥሩን ተሻግሮ ባየ ቁጥር ተበደልኩ ማለቱ የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ ስሜት ጋር የተያያዘው ቁጣ ምን ያህል እንደሆነ አገሩ ሁሉ አይቶታል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ተቃውሞ አስነሳ፤ በ2008 ዓ.ም. ኅዳር እንደገና ተቀሰቀሰ፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር ዕቅዱ መሰረዙ ተገለጸ። ተቃውሞው የማንነትና የአስተዳደር ወሰን ጥያቄም ነበረው፤ ነገር ግን ገበሬው ከመሬቱ በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚነሳ የነበረው ሥጋት ዋና ማገዶው ነበር። ሰዎችም በዚያ ጊዜ ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ የመሬት አስተዳደርን የቢሮ ጉዳይ ብቻ አድርጎ መመልከት የማይቻለው ለዚህ ነው።

የካሳው ገንዘብ ከተተመነ በኋላም ለማን ይከፈል የሚለው ጥያቄ ቤተሰብን ይከፋፍላል። የገጠር መሬት ሕጉ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የባለይዞታነት ማረጋገጫ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲሆን ያዛል። ደብተሩ በአባት ስም ብቻ በተጻፈበት ቤት ግን ሚስትና ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች ድርሻቸውን ሲጠይቁ የሚደግፋቸው ወረቀት አይኖርም። ገንዘቡ በአንድ ሰው የባንክ ሒሳብ ገብቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ማለቁም የተለመደ ነው። የካሳ ገንዘብ ሲከፈል የባልና የሚስት ፊርማ ሳይኖር አለመክፈል፣ ካሳውንም በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሚሠራ ንብረት፣ ለምሳሌ ለገበያ በሚሆን ሱቅ መስጠት፣ ትልቅ ወጪ የማይጠይቅ እርምጃ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ተነሺዎችን መልሶ ማቋቋም የመንግሥት ግዴታ መሆኑን ተቀብሏል፤ ባለይዞታው መሬቱን ራሱ የማልማት ቅድሚያ መብት እንዳለውም ደንግጓል። ችግሩ ድንጋጌው ላይ ሳይሆን አፈጻጸሙ ላይ ነው፤ አንድ ገበሬ ፕላኑ የሚጠይቀውን ፎቅ በራሱ ገንዘብ ሊሠራ አይችልም፤ ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ ወይም ከባለሀብት ጋር ተዋውሎ እንዲያለማ የሚያግዘው አካል ከሌለ መብቱ በወረቀት ይቀራል።

ቅሬታ ያለው ሰው የት ይሂድ? እዚህ ላይ የቀድሞው ሥርዓት ከባድ ጉድለት ነበረበት። መሬቱ ይለቀቅ ብሎ የሚወስነው የከተማ አስተዳደር ነው፤ ቅሬታ ሰሚውን የሚያቋቁመውም እሱው ነው። የሊዝ አዋጁ የይግባኝ ሰሚ ጉባኤው ውሳኔ ከካሳ ጥያቄ በስተቀር የመጨረሻ እንዲሆን አድርጎ ነበር፤ ይህ ማለት «መሬቴ በእርግጥ ለሕዝብ ጥቅም ነው የተወሰደው?» የሚለው ዋናው ጥያቄ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት አይደርስም ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊያልቅ የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። የ2011ዱ አዋጅ ከቅሬታ ሰሚና ከይግባኝ ሰሚ ጉባኤ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደውን መንገድ ማስፋቱ ትክክለኛ እርምጃ ነው። አሁንም ግን የቅሬታ ሰሚዎቹ አባላት ከአስተዳደሩ የተውጣጡ ሆነው ከቀጠሉ፣ ባለጉዳዩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች የሚያልፈው ከባላጋራው ሠራተኞች ፊት ቆሞ ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ልዩ የመሬት ፍርድ ቤት ነው ይላል። ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት መሠረት የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት አቋቁማለች፤ ልምዱ ሊጠና የሚገባው ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ያሳስበኛል። መዝገብ በሌለበት የተሻለ ዳኛም ቢሆን የሚሰማው ያንኑ የቃል ምስክር ነው፤ ምስክሩም በገንዘብ ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ ማሻሻያው መጀመር ያለበት ከምዝገባ ነው፤ ያውም ከተማው ከመድረሱ በፊት።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በአገራችን የገጠር መሬት ምዝገባ በ1990 ዓ.ም. በትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ክልሎች ተስፋፍቷል፤ በመጀመሪያው ዙር ማሳዎች በገመድ እየተለኩ፣ ድንበራቸው በአዋሳኝ ስም እየተጻፈ ለሚሊዮኖች ደብተር ተሰጥቷል። በሁለተኛው ዙር የአየር ፎቶን በመጠቀም ካርታ ያለው ደብተር እየተሰጠ ነው። ሩዋንዳ ከ2009 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ይዞታዎችን መዝግባለች፤ አሠራሩም ቀላል ነበር። በሥልጠና የበቁ የአካባቢው ወጣቶች የታተመ የአየር ፎቶ ይዘው ወደ ማሳው ይወጣሉ፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በተገኙበት ድንበሩን በፎቶው ላይ ያሰምራሉ፤ ውጤቱ ለሕዝብ ተለጥፎ ይታያል፤ ተቃውሞ ያለበት ይዞታ በክርክር ተብሎ ይመዘገባል፤ የቀረው ይጸናል። ከሁሉም የምወደው ይህን የመጨረሻ ነጥብ ነው፦ ክርክር ያለበት መሬት እንደ ሌላው ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ስለዚህ ማንም ሰው ሳያውቅ ሊገዛው አይችልም።

ለከተሞችም አዋጅ ቁጥር 818/2006 ተመሳሳይ መንገድ ከፍቷል። ሠፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ያደርጋል። የአዲስ አበባ ካዳስተር፣ ማለትም የይዞታዎች ልኬትና ምዝገባ ሥራ በዚህ መሠረት እየሄደ ነው፤ ነገር ግን ሥራው የሚቀለው ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ ሰነድ) ባለባቸው የመሀል ሠፈሮች ነው። ዳር ላይ ያለው ሰነድ አልባና የአርሶ አደር ይዞታ በአስቸጋሪነቱ ወደ ኋላ ይገፋል። ክርክሩ የሚፈላው እዚያ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ከዳር ቢጀመር ይሻል ነበር። የከተማ ወሰን ለማስፋት ሲታሰብ፣ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ወሰኑ በሚሰፋበት አካባቢ ያሉ የገበሬ ይዞታዎች በሙሉ ተለክተው፣ የባልና የሚስት ስም ተጽፎ፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ደጃፍ ተለጥፈው፣ የገጠሩ ደብተር ቁጥር በከተማው መዝገብ ውስጥ አብሮ ቢሰፍር፣ በኋላ ላይ የሚነሳው ክርክር ትልቁ ክፍል በዚያው ይቀራል። ከዚህ ጎን ለጎን ለአነስተኛ ገቢ ሰው የሚሆን፣ በርካሽ ሊዝ የሚሰጥ ቦታ በብዛት ካልቀረበ፣ ጨረቃ ቤት የሚሠራው ሰው አማራጭ የለውምና ምዝገባውም ብቻውን አይዘልቅም።

ሽማግሌዎችንም መዘንጋት አይገባም። የድንበር ጉዳይ ሲሆን የት ጋ ዋርካ እንደነበረ፣ ወንዙ በየት ይሄድ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የገጠር መሬት ሕጉም ክርክር በቅድሚያ በውይይትና በስምምነት እንዲያልቅ ይጠብቃል። ነገር ግን ሽማግሌ የከተማ ጽሕፈት ቤትን ሊያስገድድ አይችልም፤ በሽምግልና ላይ ሴቶች እምብዛም አይቀመጡምና የሚስት ወይም የእህት ድርሻ የሚድበሰበስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ በመዝገብ ሊገባ፣ የሴቶቹም ፊርማ ሊኖርበት ይገባል።

በአሁኑ ሰዓት ክርክር ላይ ላለ ሰው ደግሞ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው መሬቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል በወሰን ላይ ስምምነት ከተደረገ ወዲህ አንዳንድ ሠፈሮች ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛውረዋል። በአዲስ አበባ በኩል ከይዞታ አሰጣጥ ጋር የተያያዙ ጉዳዮች በከተማው ፍርድ ቤቶች፣ በግለሰቦች መካከል ያሉት ብዙዎቹ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሲታዩ፣ በሸገር በኩል ያሉት በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ ይታያሉ፤ በተሳሳተ ችሎት የተከፈተ መዝገብ ይዘጋል፤ ጊዜውም ያልፋል። ሁለተኛው ካርታ መያዝ ጠንካራ ማስረጃ ቢሆንም የማይናድ አለመሆኑ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 ባለ ካርታውን እንደ ባለቤት ሲገምት፣ አንቀጽ 1196 ደግሞ ካርታው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል መሰጠቱን ያስረዳ ሰው ግምቱን ሊያፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ሦስተኛው የጊዜ ገደብ ነው፦ የመሬት ማስለቀቂያ ትዕዛዝ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው በጽሑፍ ማመልከት፣ ይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ደግሞ በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 መሠረት የሁከት ይወገድልኝ ክሱን ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት።